ኩርማንጂ ወይስ ሶራኒ? የኩርድኛ ዘዬዎችን በድምፃቸው አመዛዝኖ ለመምረጥ

ኩርድኛ ለመማር፣ አስተርጓሚ ለመቅጠር ወይም የተቀዳ ንግግር በጽሑፍ ለማስገልበጥ የተነሣ ሰው ገና ከመጀመሪያው «የትኛውን ኩርድኛ?» ተብሎ ይጠየቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በዚህ ስም የሚጠሩት ዘዬዎች በቱርክ፣ በሶሪያ፣ በኢራቅና በኢራን፣ ከዚያም አልፎ በአርሜንያና በጆርጂያ ተበታትነው የሚነገሩ ሲሆኑ፣ በቱርክ ኩርማንጂ የሚናገር የዲያርባኪር ሰውና በኢራቅ ሶራኒ የሚናገር የሱለይማኒያ ሰው አንዳቸው የሌላውን ንግግር አስቀድመው ካልለመዱት በቀር በየዘዬአቸው እያወሩ ለመግባባት ይቸገራሉ። መጽሐፍ፣ መተግበሪያ ወይም ትምህርት የሚያቀርቡ ሰዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ የያዙትን ዘዬ «ዋናው» ወይም «ንጹሑ» እያሉ ስለሚያስተዋውቁ፣ ፈላጊው ሚዛን ሳይኖረው ይወስናል። እዚህ የምናወዳድረው ድምፆችን ነው፤ የሰዋስው ልዩነቱ ከዚህ የማይተናነስ ቢሆንም ራሱን የቻለ ሰፊ ርእስ ነው።

ጉዳዩ ለአማርኛ ተናጋሪ የሚመስለውን ያህል ሩቅ አይደለም። በአሜሪካ ከሁሉ የበዛው የኩርድ ማኅበረሰብ የሚኖርባት የቴነሲዋ ናሽቪል ኢትዮጵያውያንም የሰፈሩባት ከተማ ናት፤ በጀርመንና በስዊድንም ሁለቱ ማኅበረሰቦች በአንድ ሆስፒታል፣ በአንድ ትምህርት ቤትና በአንድ የስደተኞች ጽሕፈት ቤት ይገናኛሉ። በኢስራኤል ያለ አንባቢ ግን አንድ ነገር ልብ ይበል፦ ከኩርዲስታን የመጡት አይሁድ አብዛኞቹ በየቤታቸው ሲናገሩት የኖሩት የአራማይክ ዘዬ ነው፤ ስለዚህ «ኩርድ» የሚለው መጠሪያ ብቻውን የቋንቋ ምርጫን አይወስንም።

መመዘኛዎቹ

ዘዬዎቹን የምናያቸው በአራት መመዘኛ ነው። የመጀመሪያው፣ በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው እንደ አዲስ ሊማራቸው የሚገቡ ድምፆች የትኞቹ እንደሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የዘዬው ጽሕፈት እነዚህን ድምፆች ምን ያህል ለይቶ ያሳያል የሚለው ነው። ሦስተኛው፣ በዚያው ዘዬ ውስጥ ድምፁ ከከተማ ከተማ ምን ያህል እንደሚለዋወጥ፣ አራተኛው ደግሞ ለማዳመጥና ለመማር የሚያስፈልገው ነገር ምን ያህል እንደሚገኝና ምን ያህል ወጪ እንደሚጠይቅ ነው። በእኔ ግምት ከአራቱ ከባዱ ሁለተኛው ነው። አስቸጋሪ ድምፅ በፊደል ተለይቶ ከተጻፈ ተማሪው ብቻውን ሊታገለው ይችላል፤ በጽሕፈቱ ውስጥ ከተደበቀ ግን መኖሩን ራሱ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል፣ ሰው ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል።

የእኛ ፊደል የሚረዳበትና የማይረዳበት ቦታ

የኩርማንጂ አናባቢዎች ስምንት ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ሰባቱ ከፊደላችን ሰባት እርከኖች ጋር ተቀራርበው ይሄዳሉ፦ አጭሩ ኧ በግዕዝ፣ ረጅሙ ኡ በካዕብ፣ ኢ በሣልስ፣ ረጅሙ አ በራብዕ፣ ኤ በኃምስ፣ አጭሩ እ በሳድስ፣ ኦ በሳብዕ። በተለይ አጭሩ እ ለእኛ የተመቸ ነው። አውሮፓውያን ተማሪዎች ሲለፉበት የሚከርሙትን ይህን ድምፅ የአማርኛ ተናጋሪ «ምን» ወይም «ልብ» ሲል በየቀኑ ያወጣዋል። ከእርከኖቹ ውጭ የሚቀረው ስምንተኛው አጭሩ ኡ ነው። «ልጅ» ማለት የሆነው «ኩር» በአጭሩ፣ «ጥልቅ» ማለት የሆነው «ኩር» ደግሞ በረጅሙ ኡ ይነገራሉ፤ በእኛ ፊደል ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ሆነው ይወጣሉ።

ከተነባቢዎቹ መካከል ዥ የሚያስቸግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከኢራኗ የኩርድ ከተማ ከሳቄዝ ተነሥቶ በዓለም የተሰማው «ዥን፣ ዥያን፣ አዛዲ» (ሴት፣ ሕይወት፣ ነፃነት) የሚለው መፈክር በኩርማንጂም በሶራኒም ያለ ብዙ ለውጥ የሚነገረው፣ የሁለቱም ዋና ዋና ድምፆች እዚህ ላይ ስለሚገጥሙ ነው። የር ልዩነትም ቢሆን ያን ያህል አዲስ አይሆንብንም። ኩርድኛ አንድ ጊዜ ብቻ የምትነካ ር እና የምትርገበገብ ር አለው፤ ልዩነቱ በአማርኛ «ራሰ በራ» ውስጥ ባለው ላላ ር እና «መብራቱ በራ» ውስጥ ባለው ጥብቅ ር መካከል ካለው ጋር ይቀራረባል። «ብሪን» በላላው ር «ቁስል»፣ በሚርገበገበው ር «መቁረጥ» ነው። ቃል የሚጀምረው ር ምንጊዜም የሚርገበገበው ነው።

ሐ እና ዐ ግን የምር ትምህርት ይጠይቃሉ። አማርኛ ድምፃቸውን ጥሎ ፊደላቸውን ብቻ አስቀርቷል፤ ትግርኛ የሚያውቅ አንባቢ በዚህ በኩል ከሌላው ቀድሞ ይጀምራል። ከዚህ በታች በኩርድኛ ቃላት ውስጥ ሐ እና ዐ ሲጻፉ እንደ ትግርኛው ከጉሮሮ እንዲነበቡ ነው። ቅ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ጥንቃቄ ያሻል፤ የኩርድኛው ቅ ከእንጥል ዘንድ የሚወጣ ሲሆን እንደ እኛው ተዘግቶ የሚፈነዳ አይደለም።

ኩርማንጂ

በተናጋሪ ብዛት ከሁሉ የሚበልጠው ኩርማንጂ ነው። የሚነገረው በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ በዲያርባኪር፣ በቫን፣ በማርዲንና በሃካሪ፣ በሰሜን ሶሪያ በቃሚሽሊ፣ በኮባኒና በአፍሪን፣ በኢራቅ በዱሆክ አካባቢ፣ በኢራን በኡርሚያ ዙሪያና ራቅ ብሎ በኾራሳን ነው።

ኩርማንጂን በድምፅ ልዩ የሚያደርገው ትልቁ ነገር ተነባቢዎቹ በሦስት ረድፍ መሰለፋቸው ነው። ከነዛሪዎቹ ብ፣ ድ፣ ግ እና ጅ ጎን ሁለት ዓይነት ፕ፣ ሁለት ዓይነት ት፣ ሁለት ዓይነት ክ እና ሁለት ዓይነት ች አሉ፤ አንደኛው ከአፍ የትንፋሽ ግፊት እየተከተለው ይወጣል፣ ሌላው ያለ ትንፋሽ ይወጣል። «ካር» በትንፋሽ ሲነገር «ሥራ»፣ ያለ ትንፋሽ ሲነገር «ግልገል» ይሆናል። መዳፍን ከከንፈር ፊት አድርጎ ቢሞክሩት ልዩነቱ በቆዳ ይሰማል። ሦስት ረድፍ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እኛም ድ፣ ት፣ ጥ እንላለን። አደጋው ያለውም እዚሁ ላይ ነው፤ የአማርኛ ተናጋሪ ትንፋሽ አልባውን ት ሲሰማ «ይህማ ጥ ነው» ብሎ ይወስድና በጉሮሮ ዘግቶ ያፈነዳዋል። ትንፋሽ አልባው ት ግን የሚፈልገው ትንፋሹን መያዝ ብቻ ነው፤ ጉሮሮ አይዘጋም፣ ፍንዳታም የለውም። በምሥራቅ አርሜንኛና በአካባቢው አራማይክም ሦስት ረድፍ ያለው ሥርዓት ስላለ፣ ይህ የኩርማንጂ ጠባይ ከጉርብትና የመጣ ነው የሚሉ የቋንቋ ሊቃውንት አሉ።

ሁለተኛው የኩርማንጂ መለያ ቭ ነው። ሌሎቹ ው በሚሉበት ብዙ ቦታ ኩርማንጂ ቭ ይላል፦ «ውኃ» በኩርማንጂ «አቭ»፣ በሶራኒ «አው» ነው፤ «ሌሊት» በኩርማንጂ «ሸቭ»፣ በሶራኒ «ሸው» ነው። ቭን ወደ ው ወይም ወደ ብ ማቅለል ትንሽ ስሕተት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በኩርማንጂ «ኧቭ» ማለት «ይህ»፣ «ኧው» ማለት «ያ» ስለሆነ፣ መድኃኒት የሚያስጠና ነርስ ሁለቱን ካደባለቀ በሽተኛው የሚወስደው ሌላውን ክኒን ነው።

አሁን ወደ ጽሕፈቱ እንምጣ። የኩርማንጂን የላቲን ፊደል ያስፋፋው ጀላደት አሊ በድርኻን ሲሆን፣ ይህንም ያደረገው ከ1932 ጀምሮ በደማስቆ ባሳተመው «ሃዋር» በተባለ መጽሔት ነው። ሠላሳ አንዱ ፊደላት ስምንቱንም አናባቢዎች አንድ በአንድ ያሳያሉ፤ በዚህ በኩል እንከን አይወጣላቸውም። በተነባቢ በኩል ግን ትንፋሽ ያለውንና የሌለውን፣ የምትነካውንና የምትርገበገበውን ር፣ ሀንና ሐን አይለዩም፤ ዐም ጭራሽ አይጻፍም። «ሰባት» በፊደሉ በተራ ሀ ይጻፋል፣ በብዙ ተናጋሪ አፍ ግን «ሐፍት» ነው፤ «ደመና» ሲጻፍ «ኧውር»፣ ሲነገር ብዙ ጊዜ «ዐውር» ነው። በሶቪየት አርሜንያ ለኩርዶች ከ1940ዎቹ አንሥቶ ያገለገለው የሲሪሊክ ፊደል የትንፋሽን ልዩነት በምልክት ይለይ ነበር። ዛሬ የሚጽፍበት እምብዛም ባይኖርም፣ በድምፅ አገላለጽ ረገድ ከላቲኑ የተሻለ እንደነበር መካድ አይቻልም።

ከቦታ ቦታም ይለዋወጣል። በምዕራብ ጫፍ በማራሽና በማላቲያ በኩል ረጅሙ አ ወደ ኦ ያዘነብላል። ባዲኒ በሚባለው በዱሆኩ ኩርማንጂ ደግሞ ረጅሙ ኡ ወደ ፊት ተገፍቶ ወደ ኢ ይጠጋል፤ «ሩቅ» ማለት የሆነው «ዱር» «ዲር» ወደ መባል ይደርሳል። ባዲኒ የሚጻፈውም በላቲን ሳይሆን ከዐረብኛ በተወሰደው ፊደል ስለሆነ፣ ናሽቪል ላለ ሰው ይህ ነገር ቀዳሚ ጉዳይ ነው፤ በዚያ የሰፈሩት ኩርዶች ብዙዎቹ ከኢራቅ፣ ከእነሱም መካከል ብዙዎቹ ከዱሆክ በኩል የመጡ ናቸውና።

የሚደመጥ ነገር አይጠፋም። የቱርክ መንግሥት ቴሌቪዥን በ2009 በኩርማንጂ ቋሚ ጣቢያ ከፍቷል፤ ሩዳው የተባለው የኤርቢል የዜና ጣቢያ በኩርማንጂም በሶራኒም ያሰራጫል፤ በ1955 የተጀመረው የየሬቫን ሬዲዮ የኩርድኛ ዝግጅት ያስቀራቸው አሮጌ ቅጂዎችም የትንፋሹን ልዩነት ለማጥናት ጥሩ ናቸው።

ሶራኒ

ሶራኒ በኢራቅ በሱለይማኒያ፣ በኤርቢልና በኪርኩክ፣ በኢራን በሳነንዳጅ፣ በማሃባድና በሳቄዝ ይነገራል። ተነባቢዎቹ በትንፋሽ አይለዩም፤ ት አንድ ት ብቻ ነው። ለጀማሪ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ቭም እንደ «ጎቫር» (መጽሔት) ባሉ ጥቂት ቃላት ካልሆነ ብዙ አይገኝም።

ሶራኒ የሚያስቸግረው በል ነው። ከተራው ል ሌላ፣ የምላስ ሥር ወደ ኋላ ተስቦ የሚነገር ወፍራም ል አለው፤ «ችል» በቀጭኑ «አርባ»፣ በወፍራሙ «ቅርንጫፍ» ነው። አማርኛ ወፍራም ል ስለሌለው ጆሮም አፍም አብረው መሠልጠን አለባቸው። ሌላው የሶራኒ ጠባይ ክ እና ግ ከኢ፣ ከኤ ወይም ከይ ፊት ሲመጡ መለስለሳቸው ነው፤ «ማን» ማለት የሆነው «ኬ» ለአዲስ ጆሮ «ቼ» ሊመስል ይችላል። ይህን ካላወቁ የሰሙትን ቃል በመዝገበ ቃላት ሲፈልጉ በተሳሳተ ፊደል ይንከራተታሉ። ሐ እና ዐ በሶራኒም ጠንካራ ናቸው፤ «ሰባት» «ሐውት» ነው።

በጽሕፈት ግን ሶራኒ ከኩርማንጂ ይልቃል። በሃያኛው መቶ ዘመን ተሻሽሎ የተዋቀረው ከዐረብኛ የመጣ ፊደሉ ለወፍራሙ ል እና ለምትርገበገበው ር የየራሳቸው ምልክት አለው፤ ሐን፣ ዐንና ውኃ በጉሮሮ ሲጉመጠመጡ የሚሰማውን የሚመስለውን የዐረብኛ ገይንም ይለያል። የሚጎድለው አንድ ዋና ነገር ነው፦ አጭሩ እ ጭራሽ አይጻፍም። ይኸው ጉድለት አሁንም ለእኛ ይቀልለናል። ሳድስ ፊደል አንዳንዴ አናባቢ ይዞ አንዳንዴ ሳይዝ መነበቡን የለመደ ሰው ያልተጻፈ እን በስሜት የማስገባት ልምድ አለው። ኡ እና ው፣ ኢ እና ይ አንድ ፊደል መጋራታቸው መጀመሪያ ቢያደናግርም በቶሎ ይለመዳል።

በሶራኒ ውስጥ ያለው የከተማ ልዩነት የሚታወቅና የሚቀለድበት ነው። የሱለይማኒያ ሰው «እሄዳለሁ» ለማለት «ኧቺም» ሲል፣ የኤርቢልና የማሃባድ ሰው «ደቺም» ይላል። ሱለይማኒያ ላይ «ንድ» በብዙ ቃላት ወደ «ንግ» ይለወጣል። በኤርቢል ደግሞ ወፍራሙ ል ወደ ር ይቀየራል፤ «ቤት» ማለት የሆነው «ማል» በኤርቢል አፍ «ማር» ይሆናል፣ «ማር» ደግሞ በራሱ «እባብ» ነው። በመገናኛ ብዙኃንና በትምህርት ቤት የሚሰማው መለኪያ ግን ወደ ሱለይማኒያው ያደላል፤ ስለዚህ ጀማሪ ከዚያ ቢጀምር አይቆጨውም።

በ2005 የጸደቀው የኢራቅ ሕገ መንግሥት ኩርድኛን ከዐረብኛ ጋር የአገሪቱ የሥራ ቋንቋ ስላደረገው፣ በሶራኒ የሚታተም መማሪያ፣ ጋዜጣና የመንግሥት ሰነድ በብዛት ይገኛል። የጉግል ትርጉም ኩርማንጂን በ2016፣ ሶራኒን በ2022 ጨምሯል፤ ነገር ግን ማሽኑ የሚረዳው ጽሑፍ ለመረዳት ነው፣ አነባበብን አይተካም።

ደቡባዊ ኩርድኛ

በኢራን በኬርማንሻህና በኢላም፣ በኢራቅ ደግሞ በኻነቂን በኩል የሚነገሩት ከልሁሪ፣ ፈይሊና ሌሎችም በዚህ ስም ይጠቃለላሉ። በትንፋሽ የሚለዩ ተነባቢዎች የሏቸውም፤ ወፍራሙ ል እና ሁለቱ ር ግን አሉ። ሐ እና ዐ በብዙዎች አፍ ለስልሰው ስለሚነገሩ «ሰባት» ተራ «ሀፍት» ነው። ያልለመድነው አዲስ ድምፅ አናባቢ ነው፦ ከንፈር ለኡ እንደሚደረገው ተሞጥሙጦ ምላስ ግን ለኢ እንደሚደረገው ወደ ፊት ተገፍቶ የሚነገር ድምፅ አለ፤ «ሩቅ» የሚለው ቃል ኬርማንሻህ ላይ የሚነገረው በዚህ ነው። የቱርክኛ ወይም የፈረንሳይኛ ልምድ ያለው ሰው ወዲያው ያገኘዋል።

በድምፅ ብቻ ቢመዘን ከሦስቱ ለአማርኛ ተናጋሪ የሚቀለው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ችግሩ ከሌላ በኩል ነው፤ ወጥ የሆነ ጽሕፈት አልተበጀለትም፣ በትምህርት ቤት አይሰጥም፣ የጀማሪ መጽሐፉም እጅግ ጥቂት ነው።

ዛዛኪና ጎራኒ

ዛዛኪ በቱርክ በቱንጀሊ፣ በቢንጎልና በሲቬሬክ፣ ጎራኒ ወይም ሃውራሚ ደግሞ በኢራንና በኢራቅ ድንበር በሃውራማን ተራሮች ይነገራል። ተናጋሪዎቻቸው ብዙዎቹ ራሳቸውን ኩርድ ይላሉ፤ እነ ዴቪድ ኒል ማከንዚን ጨምሮ ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት ግን ከኩርድኛ ለይተው ያዩአቸዋል። ክርክሩን ለባለቤቶቹ ትተን በድምፅ ካየናቸው ርቀታቸው ግልጽ ነው። ኩርማንጂና ሶራኒ «ነፋስ»ን «ባ» ሲሉ ዛዛኪ «ቫ»፣ ጎራኒ «ዋ» ይላሉ፤ «ሃያ» በሁለቱ «ቢስት»፣ በዛዛኪ «ቪስት»፣ በጎራኒ «ዊስ» ነው፤ «ሦስት» ደግሞ በሁለቱ «ሴ» ሲሆን በዛዛኪ «ሂሬ»፣ በጎራኒ «የሬ» ነው። ለዚህ ነው የኩርማንጂ አስተርጓሚ ለዛዛኪ ተናጋሪ መመደብ የማይበቃው።

ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| መመዘኛ | ኩርማንጂ | ሶራኒ | ደቡባዊ ኩርድኛ |
|---|---|---|---|
| በትንፋሽ የሚለዩ ተነባቢዎች | አሉ | የሉም | የሉም |
| ቭ | በብዛት | በጥቂት ቃላት | እምብዛም |
| ወፍራም ል | የለም | አለ | አለ |
| ሐ እና ዐ | አሉ፣ በላቲኑ አይታዩም | አሉ፣ ይጻፋሉ | የለሰለሱ |
| «ውኃ» | አቭ | አው | አው |
| «ሰባት» | ሐፍት | ሐውት | ሀፍት |
| ጽሕፈቱ የሚደብቀው | ትንፋሽን፣ ሁለቱን ር፣ ሐን፣ ዐን | አጭሩን እ | ወጥ ጽሕፈት የለም |
| የከተማ ልዩነት | ሰፊ | መካከለኛ፣ መለኪያ አለው | ሰፊ |
| መማሪያ | በቂ | በቂ | ጥቂት |

ለማን የትኛው?

ዘመድ፣ ባልንጀራ ወይም የሥራ ባልደረባ ያለው ሰው ምርጫው ተወስኖለታል፤ የዚያን ሰው ከተማ ጠይቆ ዘዬውን ይያዝ። ጀርመን የሚኖር ሰው የሚያገኛቸው ኩርዶች ብዙዎቹ ከቱርክ የሄዱ ስለሆኑ ኩርማንጂ ያዋጣዋል። ኤርቢል ወይም ሱለይማኒያ ሄዶ ለመሥራት ያሰበ ሰው በሶራኒ ይጀምር፤ ዱሆክ ከሆነ ግን የኩርማንጂን ድምፅ ከሶራኒ ጋር በሚቀራረብ ፊደል መማር ስላለበት፣ በላቲን የተዘጋጀ የኩርማንጂ መጽሐፍ ከመግዛቱ በፊት ሁለቴ ያስብ።

ገንዘብ የሌለውና ብቻውን የሚማር፣ ከማንም ጋር የተለየ ቁርኝት የሌለው ሰው ሶራኒን ቢመርጥ እመክራለሁ። ፊደሉን ለመልመድ ጥቂት ሳምንት ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ የተጻፈው ነገር ራሱ ስለ ድምፁ ያስተምረዋል። ኩርማንጂን የመረጠ ሰው በአንጻሩ ፊደሉን በቶሎ ያነባል፣ ነገር ግን ያለ አስተማሪ ከሄደ ሥራንና ግልገልን ሳይለይ ዓመት ሊያልፈው ይችላል። በጀቱ ትንሽ ከሆነ ለሰዋስው ትምህርት አያውጣው፤ ሰዋስውን ከመጽሐፍ ያገኘዋል። ገንዘቡን ለተወሰኑ ሰዓታት ተናጋሪ አጠገብ ተቀምጦ የትንፋሽ ጥንዶችን ለመስማትና ለመድገም ያውለው። ደቡባዊውን የፈለገ ሰው ከሰው ውጭ ብዙ አማራጭ የለውም፤ ስለዚህ ወጪውን በአስተማሪ ልክ ይተምን።

የተቀዳ ድምፅ የሚያስገለብጡ ድርጅቶችና አስተርጓሚ የሚመድቡ ጽሕፈት ቤቶች «ኩርድኛ» የሚል ሳጥን ብቻ ያለበትን ቅጽ ቢተዉ ጥሩ ነው። ተናጋሪው የመጣበትን ከተማ መጠየቅ ይቀድማል። እሱም ካልተገኘ በስልክ ከአንድ እስከ አሥር እንዲቆጥር ማድረግ በቂ ፍንጭ ይሰጣል፦ ሦስት ላይ «ሴ» ካላለ ዛዛኪ ወይም ጎራኒ ሊሆን ይችላል፣ ሰባት ላይ «ሐውት» ካለና ሦስትን «ሴ» ካለ ወደ ሶራኒ ያደላል፣ «ሐፍት» ካለ ወደ ኩርማንጂ ነው። ከዚያ በኋላ «ውኃ» እንዲል ይጠየቅ፤ «አቭ» ካለ ኩርማንጂ መሆኑ ይረጋገጣል፣ አስተርጓሚውም በዚያው ይመደባል።